ሲልቪያ ፓንክረስት

ሲልቪያ ፓንክረስት (እ.ኤ.አ. 1882 – 1960) እንግሊዛዊት የሴቶች መብት ታጋይ፣ ሠዓሊና ጋዜጠኛ ነበሩ። በኢትዮጵያ በተለይ የሚታወቁት በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን ለንደን ውስጥ ባሳተሙት ሳምንታዊ ጋዜጣ ነው።

የተወለዱት በማንቸስተር ከተማ ነው። እናታቸው ኤመሊን ፓንክረስት ለሴቶች የመምረጥ መብት የተደረገው ትግል መሪ ነበሩ። ሲልቪያም በዚሁ ትግል ብዙ ጊዜ ታስረዋል፤ በእስር ቤትም የረኃብ አድማ አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1914 በምሥራቅ ለንደን ለሠራተኛ ሴቶች የሚሟገት ጋዜጣ መሠረቱ፤ እስከ 1924 ድረስም አዘጋጁት።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ብዙ የአውሮፓ መንግሥታት የኢትዮጵያን ጉዳይ እንዳለቀ ቆጠሩት። በዚያው ሳምንት የሲልቪያ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የመጀመሪያ እትም ወጣ። ኢጣልያ አገሪቱ ጸጥ ብላ መገዛቷን ስታስወራ፣ ጋዜጣው ስለ መርዝ ጋዝ፣ ስለ የካቲት 12 ጭፍጨፋና ስለ አርበኞች ውጊያ ይዘግብ ነበር። በአማርኛ የታተሙ ጽሑፎችም በድብቅ ወደ ኢትዮጵያ ይገቡ ነበር። ሲልቪያ ከዚህ ጎን ለጎን ለሚኒስትሮች፣ ለፓርላማ አባላትና ለሌሎች ጋዜጦች ደብዳቤ ይጽፉ ነበር።

ይሁን እንጂ ጋዜጣው የብሪታንያን መንግሥት አቋም ሊያስለውጥ አልቻለም፤ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1938 የኢጣልያን ወረራ በይፋ አወቀች። አቋሟ የተለወጠው ኢጣልያ በ1940 ጦርነት ካወጀችባት በኋላ ነው። የጋዜጣው ድርሻ በነዚያ ዓመታት ጉዳዩ ከሕዝብ ዓይን እንዳይጠፋና የወራሪው ወሬ ብቻውን እንዳይሰማ ማድረጉ ነበር። ጋዜጣው ግን ገለልተኛ አልነበረም፤ ለኢትዮጵያ መንግሥት በግልጽ ይወግን ነበር። ከነጻነት በኋላም የብሪታንያ ጦር በኢትዮጵያ ላይ የነበረውን ሥልጣን ተቃውሟል።

ሲልቪያ እ.ኤ.አ. በ1956 ከልጃቸው ከታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ ገብተው «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለ መጽሔት ማዘጋጀት ጀመሩ። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ዐረፉ፤ ሥርዓተ ቀብራቸውም በመንግሥት ደረጃ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጸመ።