ቅዱስ ያሬድና የዕለት ምስጋና

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም የኖረ ሊቅ ነው። በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን እንደ ሸሸ፥ ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ ዛፍ የወጣች ትል አይቶ እንደ ተመለሰ ገድሉ ይናገራል። ይህንስ ሁላችንም ሰምተነዋል። እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ድጓው ነው። ምስጋናን ለታላላቅ በዓላት ብቻ አልተወውም፤ ለዝናሙ፥ ለዘሩ፥ ለአበባው፥ ለፍሬው በየወቅቱ ዜማ ሠራለት። ገበሬው ሲዘራ ቤተ ክርስቲያንም ስለ ዘር ታመሰግናለች።

በኋላ ከንጉሡ ከገብረ መስቀል ተሰናብቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ፤ በዚያ ብርድ እያስተማረና እያመሰገነ ኖረ።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙዎቻችን ከሰፈራችን ተነሥተን ተበታተንን። ዛሬ በየደረስንበት፥ ማለዳ አውቶቡስ ስንጠብቅ፥ አብረን ያጠናነውን መዝሙር በልባችን እንላለን።