ጆቫኒ አልዲኒ፡ የአእምሮ ሕመምን በኤሌክትሪክ ለማከም የሞከረው ጣሊያናዊ

ጁባን ታክኮ በሚፈሰው ነጭ ዓባይ ውስጥ የሚነካውን ሁሉ በኤሌክትሪክ የሚነዝር የአምባዛ ዝርያ ይኖራል። ጉልበቱ እስከ 350 ቮልት ይደርሳል። የጥንት ግብፃውያን ምስሉን በመቃብር ግድግዳ ላይ ቀርጸውታል። ሕያው አካል ይህን ኃይል ከየት ያመጣዋል የሚለው ጥያቄ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የጣሊያንን ሊቃውንት ከፋፈለ። ጥያቄውን ወደ ሰው ጭንቅላት ካዞሩት መካከል ጆቫኒ አልዲኒ ይገኝበታል።

አልዲኒ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1762 ቦሎኛ ውስጥ ተወለደ። አጎቱ ሉዊጂ ጋልቫኒ የእንቁራሪት እግር በብረት ሲነካ መፈራገጡን አይቶ ኤሌክትሪክ በእንስሳት አካል ውስጥ አለ ሲል፣ አሌሳንድሮ ቮልታ ተቃወመው። ቮልታ በ1800 ይፋ ያደረገው ባትሪ የዚሁ ሙግት ውጤት ነበር። ጋልቫኒ በ1798 ሞቷል። በዚያው ዓመት የቦሎኛ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የሆነው አልዲኒ ግን የባላንጣውን መሣሪያ አንሥቶ የአጎቱን ሐሳብ ለማጽናት ተጠቀመበት።

በመጀመሪያ የሞከረው በራሱ ላይ ነው። ጭንቅላቱን ከባትሪው ጋር ካገናኘ በኋላ ለቀናት እንቅልፍ አጣ። ቀጥሎ በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ሆስፒታል የገባ የ27 ዓመት ገበሬ አገኘ። የታማሚውን ፀጉር አስላጭቶ፣ ኃይሉን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረ በተደጋጋሚ አከመው። ሰውየው ድኖ ወደ ቤቱ መመለሱንም ጻፈ። በእርግጥ የአንድ ሰው መሻል ማስረጃ አይሆንም፤ እንዲህ ያለው ሕመም በራሱ ጊዜም ሊለቅ ይችላል። ቢሆንም የሕክምናው ጥንቃቄ ከዘመኑ የቀደመ ነበር።

ዝናውን ያገነነው ግን ይህ አልነበረም። ጥር 17 ቀን 1803 ለንደን ውስጥ፣ ሚስቱንና ልጁን ገድሏል ተብሎ በስቅላት የተቀጣ ሰው አስከሬን ላይ ኤሌክትሪክ ለቀቀ። መንጋጋው ተንቀጠቀጠ፤ አንድ ዓይኑ ተገለጠ፤ እጁ ተነሣ። ተመልካቹ ደነገጠ፤ የቦሎኛው ታማሚ ግን ተረሳ።

ፈረንሳዊው አሊም ሉዊ ቤናቢድ በግሬኖብል ወደ አንጎል ጥልቅ ክፍል በሚገባ ሽቦ ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ በመላክ መንቀጥቀጥን ማርገብ የጀመረው በ1987 ነው። ዛሬ ከደረት ቆዳ ሥር በሚቀበር ባትሪ የሚሠራው ይህ ሕክምና ለፓርኪንሰን ሕሙማን ይሰጣል፤ ለከባድ የመንፈስ ጭንቀትም እየተሞከረ ነው።

አልዲኒ በኋለኛው ዕድሜው ፊቱን ወደ ሌላ ሥራ መልሶ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ከነበልባል የሚከላከል ልብስ ሠራ። ሚላን ውስጥ ያረፈው ጥር 17 ቀን 1834፣ የለንደኑ ትዕይንት በተካሄደ በ31ኛ ዓመቱ ዕለት ነው።