ጓደኛ ያጣው አንባቢ

እኔና ጓደኞቼ አንድ ልማድ አለን። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ካፌ እንገናኝና ሰሞኑን ያነበብነውን እንጨዋወታለን። የሁላችንም ሱስ ተመሳሳይ ነው፤ ፋንታሲ፣ ሳይንስ ፊክሽንና ልብ አንጠልጣይ። ሕጋችን ደግሞ አንዲት ብቻ ናት። የመጽሐፉን መጨረሻ ያወጣ የሁሉንም ሂሳብ ይከፍላል። አምስት ነበርን። አንዷ አምና ለሥራ ዱባይ ሄደችና አራት ቀረን።

ባለፈው ወር ተራው የኔ ነበር። «ፍራንከንስታይን»ን ይዤ ሄድኩ። ሳቁብኝ። አዲስ ነገር ስንጠብቅ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ታመጣለህ ብለው ተዘባበቱብኝ። እኔም ቆዩ ብዬ ከመጽሐፉ በፊት የጸሐፊዋን ታሪክ ጀመርኩላቸው። ከዚያ በኋላ ማንም ስልኩን አልነካም። እስቲ ለእናንተም ላውጋችሁ። ቀንና ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።

ሜሪ ኦገስት 30 ቀን 1797 ለንደን ውስጥ ተወለደች። እናቷ ሜሪ ዎልስቶንክራፍት፣ በ1792 ለሴቶች መብት የሚሟገት መጽሐፍ አሳትማ አገር ያነጋገረች ሴት ናት። ልጇን በተገላገለች በ11ኛው ቀን በወሊድ ትኩሳት ሞተች። አባቷ ዊሊያም ጎድዊን ፈላስፋም ደራሲም ነበር። በ1794 ያወጣው «ኬሌብ ዊሊያምስ» የጌታውን የግድያ ምስጢር ደርሶበት የሚሳደድ አሽከር ታሪክ ነው። ዛሬ ልብ አንጠልጣይ ከምንላቸው መጻሕፍት የቀደምቶቹ ወገን ይባላል።

እንግዲህ ልጅቷ እናቷን የምታውቃት በሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ የጻፈቻቸው መጻሕፍት፣ ሌላው ሴንት ፓንክራስ ያለው የመቃብሯ ድንጋይ። የእናትና ልጅ ስም አንድ ነውና ፊደል የቆጠረችው ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ስም በጣቷ እየተከተለች ነው ይባላል። አድጋም መጽሐፍ ይዛ እየሄደች እዚያው ታነብ ነበር።

ቤታቸው እንግዳ አያጣም። አንድ ማታ ገጣሚው ኮልሪጅ መጥቶ ወፍ ገድሎ መርከቡን ለመከራ የዳረገውን የመርከበኛ ታሪክ በቃሉ ሲያወርድ፣ ተኚ የተባለችው ሜሪ ከሶፋ ጀርባ ተደብቃ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው ይባላል። ያ መርከበኛ ከብዙ ዓመት በኋላ በራሷ መጽሐፍ ውስጥ ብቅ ይላል።

በ1814 ፐርሲ ሼሊ መጣ። ዕድሜው 21፣ ገጣሚ፣ የሀብታም ልጅ፣ ደግሞም ባለትዳር። የአባቷ አድናቂ ሆኖ ቤት መመላለስ ጀመረ። ሁለቱ እናቷ መቃብር ዘንድ እየተገናኙ መጻሕፍት ያነቡ ጀመር፤ ከዚያ ተዋደዱ። በዚያው ዓመት ጁላይ 28 ሌሊት፣ እሷ ገና በ16 ዓመቷ፣ ተያይዘው ወደ ፈረንሳይ ጠፉ። የእንጀራ እናቷ ልጅ ክሌርም አብራ ሄደች። ጋብቻን በጽሑፍ ሲተች የኖረው አባቷ በራሱ ልጅ ሲመጣበት ግን በሩን ዘጋባት። የፐርሲ ሚስት ደግሞ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ይህን የምጽፈው ነገሩን ለማሳመር አይደለም፤ ቆየት ብሎ የሚመጣ ዕዳ አለው።

ሜሪ የዕለት ማስታወሻ ትይዝ ነበር። በጣም የወደድኩት ነገር ምን መሰላችሁ? በየዓመቱ ያነበበችውን መጽሐፍ ሁሉ በዝርዝር ትመዘግባለች። ፐርሲም ያነበበው ሲሆን አጠገቡ ምልክት ታደርግበታለች። ገንዘብ የላቸውም፤ ባለዕዳ እያሳደዳቸው ቤት ይቀያይራሉ። ዝርዝሩ ግን አይቋረጥም። እኛ ዛሬ ቴሌግራም ላይ ያነበብነውን ስንለጥፍ አዲስ ነገር የጀመርን ይመስለናል አይደል?

በፌብሩዋሪ 1815 የመጀመሪያ ልጇን ያለጊዜዋ ወለደች። ሕፃኗ ስም ሳይወጣላት በጥቂት ቀናት ሞተች። ሜሪ ከዚያ በኋላ ያየችውን ሕልም ማስታወሻዋ ላይ አስፍራዋለች። ሕፃኗ ለካ አልሞተችም፣ በርዷት ብቻ ነው፤ እሳት ዳር አድርገው ሲያሿት ነፍስ ትዘራለች። ነቅታ ስታይ ሕፃን የለም። የሞተን የማስነሳት ሐሳብ እዚህች ሴት ልብ ውስጥ ከሳይንስ ወሬ በፊት እንደገባ ልብ በሉልኝ።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የተባለ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱና ጋዙ ሰማይ ላይ ወጥቶ የፀሐይን ሙቀት ስለከለለ አውሮፓ በ1816 በጋ አጣች። ሰብል ጠፋ፣ ዝናቡ አላባራ አለ። ሜሪ፣ ፐርሲና ክሌር ያን ጊዜ ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ነበሩ። ጎረቤታቸው ስመ ጥሩው ገጣሚ ሎርድ ባይረን ነው፤ 20 ዓመት የሆነው ሐኪሙ ጆን ፖሊዶሪም አብሮት አለ። ዝናቡ ከቤት ሲያግዳቸው ባይረን በተከራየው ቪላ ዲዮዳቲ እሳት ዳር እየተሰበሰቡ ያነባሉ። አምስት ሰዎች፣ ልክ እንደኛ።

አንድ ቀን ከጀርመንኛ ወደ ፈረንሳይኛ የተተረጎመ የመናፍስት ታሪኮች መድበል አገኙና እየተቀባበሉ አነበቡት። ባይረን ታዲያ ለምን እያንዳንዳችን የራሳችንን አንጽፍም የሚል ሐሳብ አቀረበ። ቻሌንጅ ማለት ይኸው ነው። ታላላቆቹ ገጣሚዎች ወዲያው ጀመሩ። የ18 ዓመቷ ሜሪ ግን ምንም አልመጣላትም። በየማለዳው አገኘሽ ወይ ይሏታል፤ አላገኘሁም ትላለች። ጽፎ የሚያውቅ ሰው ይህች ጥያቄ ምን ያህል እንደምታሳፍር ያውቃል።

አንድ ምሽት ጨዋታው ወደ ሕይወት ምንጭ ዞረ። ጣሊያናዊው ጋልቫኒ የሞተች እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ኃይል ሲንፈራገጥ ማሳየቱ ያኔም መነጋገሪያ ነበር። ሬሳስ በዚህ መንገድ ይነሣ ይሆን? እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ተኙ። ሜሪ እንቅልፍ እምቢ አላት። ዓይኗን ጨፍና ሳለ አንድ ፊቱ የገረጣ ወጣት፣ ራሱ ገጣጥሞ ከሠራው አካል አጠገብ ተንበርክኮ ታያት። አካሉም ተንቀሳቀሰ። ራሷን ያስፈራት ሌላውንም እንደሚያስፈራው ገባት። በማግስቱ ማለዳ ሲጠይቋት መልስ ነበራት።

የውድድሩን ውጤት ስሙኝ። ባይረን ጥቂት ገጽ ጽፎ ተወው። ፐርሲም ጀምሮ ሰለቸው። ፖሊዶሪ ከባይረን ቁራጭ ተነሥቶ በ1819 የታተመውን የቫምፓየር ታሪክ ጻፈ፤ እስከ ድራኩላ የሚዘልቀው የደም መጣጮች ዘር ከዚያ ይመዘዛል። የሜሪ ደግሞ ብዙዎች የመጀመሪያው ሳይንስ ፊክሽን የሚሉት መጽሐፍ ሆነ። አንድ ቤት፣ አንድ ዝናባማ ሰሞን፣ ሁለት ጭራቅ።

ዕዳው የመጣው መጽሐፉን እየጻፈች ሳለ ነው። በኦክቶበር 1816 በእናት የምትገናኛት እህቷ ፋኒ ራሷን አጠፋች። በዲሴምበር የፐርሲ ሚስት ሃሪየት ሃይድ ፓርክ ሐይቅ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ወሩ ሳያልቅ ሜሪና ፐርሲ ተጋቡ። መጽሐፉ ጃንዩዋሪ 1 ቀን 1818 በ500 ቅጂ ታተመ። የደራሲ ስም የለበትም። መቅድሙን ፐርሲ ስለጻፈው ብዙ ሰው የሱ ድርሰት መሰለው። ስሟ ሽፋኑ ውስጥ የገባው በ1823 ሁለተኛው ዕትም ሲወጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እናርም። ፍራንከንስታይን የጭራቁ ስም አይደለም፤ የሠሪው ተማሪ ስም ነው። ጭራቁ ስም የለውም። ብሎን የተሰካበት አንገትም የፊልም ፈጠራ ነው። የሜሪ ፍጡር ይናገራል፣ ያስባል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያነባል።

እኔን የያዘኝ ይኸው ቦታ ነው። ሠሪው ፈርቶት ከሸሸ በኋላ ፍጡሩ አንድ የገጠር ቤት ጥግ ተደብቆ ይኖራል። በግድግዳ ስንጥቅ እያየ፣ ቤተሰቡ ሲያወራና ጮክ ብሎ ሲያነብ እያዳመጠ ቋንቋ ይማራል። አንድ ቀን ጫካ ውስጥ ሦስት መጻሕፍት ያሉበት ቦርሳ ያገኛል፤ የሚልተን «የጠፋችው ገነት»፣ ፕሉታርክ ስለ ታላላቅ ሰዎች ከጻፈው አንድ ቅጽና የጎተ «ቬርተር»። ያነባቸዋል፣ ያለቅስባቸዋል፣ እኔ ማን ነኝ ብሎ ይጠይቃል። የሚጠይቀው ግን ራሱን ነው፤ ሌላ ሰው የለውማ። ድፍረት አግኝቶ በሩን ሲያንኳኳ ዓይነ ስውሩ አዛውንት በደግነት ያነጋግሩታል። ልጆቹ ገብተው መልኩን ሲያዩ በዱላ ያባርሩታል።

አምስት ሆና እሳት ዳር ስታነብ ታሪኩን ያገኘች ልጅ፣ የታሪኩን ጀግና የሚያነብ ነገር ግን ያነበበውን የሚነግረው ያጣ አድርጋ ፈጠረችው። ለኔ የመጽሐፉ አስፈሪ ነገር ይህ ነው፤ ሬሳው መነሣቱ አይደለም።

ከዚያ የፍጡሩ ዕጣ ወደ ራሷ መጣ። ወደ ጣሊያን በሄዱ በ1818 ልጇ ክላራ ቬኒስ ላይ ሞተች። በ1819 የሦስት ዓመቱ ዊሊያም ሮም ላይ ተከተላት። በ1821 ፖሊዶሪ በ25 ዓመቱ አረፈ። ጁላይ 8 ቀን 1822 ፐርሲ የነበረበት ጀልባ በማዕበል ሰጠመ፤ 30 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር እንኳ አልቀረውም ነበር። ከቀናት በኋላ ባሕሩ ሲመልሰው ፊቱ አይለይም። ከለዩበት ነገር አንዱ ኪሱ ውስጥ የተገኘው፣ ከወዳጁ ተውሶ የያዘው የኪትስ ግጥም መጽሐፍ ነው። በ1824 ባይረን ግሪክ ውስጥ በሕመም ሞተ። ሜሪ ገና 26 ዓመቷ ነው። ከአምስቱ እሷና ክሌር ቀሩ፤ እነሱም ብዙ አይስማሙም።

በ1826 «የመጨረሻው ሰው» የተሰኘ ልብ ወለድ አወጣች። ዘመኑ የ21ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው። ወረርሽኝ የሰውን ዘር ይጨርስና አንድ ሰው ይቀራል። ሮም ገብቶ፣ የሚያነብለት እንደሌለ እያወቀ መጽሐፍ ይጽፋል። በመጨረሻም ውሻውንና ሆሜርንና ሼክስፒርን ይዞ በጀልባ ሊጓዝ ይነሣል። መጨረሻውን ነገርኳችሁ፤ የቡናውን ሂሳብ በኔ አድርጉት። የዘመኑ ሐያስያን መጽሐፉን አብጠለጠሉት፣ ከመቶ ዓመት በላይም ተረሳ። ኮሮና ሲመጣ ብዙ አንባቢ ፈልጎ አነሣው።

በሕይወት የተረፈላት አንድ ልጅ ብቻ ነበር። የፐርሲ አባት ለልጅ ልጃቸው ጥቂት ገንዘብ ሲቆርጡ፣ የባሏን የሕይወት ታሪክ እንዳትጽፍ ከለከሏት። እሷ ምን አደረገች መሰላችሁ? በ1839 ግጥሞቹን ሰብስባ ስታሳትም፣ ከየግጥሙ ጋር የት፣ መቼና እንዴት ሆኖ እንደጻፈው ማብራሪያ አስገባች። የሕይወት ታሪኩ በማብራሪያ ስም ወጣ። ዛሬ ፐርሲ ሼሊ ታላቅ ገጣሚ ከተባለ የሷ ድካም ትልቅ ድርሻ አለበት። እራሷም እንጀራዋን በብዕሯ እየበላች ልጇን አስተማረች። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1851 በ53 ዓመቷ አረፈች። የእናትና አባቷ አፅም ከሴንት ፓንክራስ ወጥቶ ቦርንመዝ ከሷ ጎን ተቀበረ። ከጠረጴዛዋ ውስጥም ከፐርሲ ልብ የቀረ ነው የተባለ ነገር፣ እሱ በጻፈው ግጥም ገጽ ተጠቅልሎ ተገኘ ይባላል።

ያን ቅዳሜ ይህን ሁሉ አውርቼ ስጨርስ አራታችንም ዝም አልን። ከዚያ አንዱ የዱባይዋን ልጅ አነሣ። ከሄደች ጀምሮ ምን እንደምታነብ የጠየቃት የለም። እኔም አልጠየቅኳትም። እዚያው ተቀምጠን የሜሪን ታሪክ በድምፅ ቀድቼ ላክሁላት፤ መጽሐፉንም ፈልጊው አልኳት።

በሳምንቱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መልእክቷ ገባ። ከሥራ ስትመለስ አልጋዋ ላይ ሆና በስልኳ እያነበበች ነው። ቦርሳው የተገኘበት ቦታ ደርሳለች። ፍጡሩ በመጨረሻ ጓደኛ ያገኛል ወይ ስትል ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም፤ ሕግ ሕግ ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ግን በቪዲዮ ትገባለች። ስልኩን ስኳሩ ዕቃ ላይ አስደግፈን ወንበሯን እንይዝላታለን።