የበግ አርቢው ሃሚልተንና የትንሿ ጄት ጀልባ ጉዳይ

በኒው ዚላንድ ደቡባዊ ደሴት ማኬንዚ በሚባለው ደጋማ አገር የሚወርዱት ወንዞች ሰፊና ፈጣን ሆነው ሳለ ጥልቀት የላቸውም። አንዱ ወንዝ ብዙ ቦታ ተከፋፍሎ በጠጠር መካከል ይፈስሳል፤ ጎርፍ በመጣ ቁጥርም መንገዱን ይለውጣል። በዚህ ዓይነት ወንዝ ላይ ፕሮፔለሩ ከሥር የተንጠለጠለ የሞተር ጀልባ ብዙም ሳይርቅ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ይቆማል። ችግሩን ያቃለሉት መሐንዲስ ሳይሆኑ የበግ አርቢ የነበሩት ዊሊያም ሃሚልተን ናቸው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሃሚልተን በ1899 ከበግ አርቢ ቤተሰብ ተወለዱ። በምህንድስና ዲፕሎማም ሆነ ዲግሪ አልነበራቸውም። በ1921 አይሪሽማን ክሪክ የተባለውን የበግ እርባታ ገዝተው ሥራ ጀመሩ። በእርባታው የኤሌክትሪክ ኃይል ስላልነበረ ጅረቱን ገድበው ኃይል ለማመንጨት አሰቡ፤ ለግድቡም አፈር የሚዝቅ መሣሪያ ራሳቸው ሠሩ። ከዚህ በኋላ በእርባታው ግቢ የተከፈተው ወርክሾፕ እየሰፋ ሄደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር መሣሪያ ክፍሎች ተሠሩበት፤ ከጦርነቱም በኋላ በክራይስትቸርች ከተማ ፋብሪካ ተቋቋመ። በነገራችን ላይ ሰውየው የመኪና እሽቅድድም ይወዱ ነበር፤ እንግሊዝ አገር ድረስ ሄደው ተወዳድረዋል።

በወንዝ ላይ ሽቅብ የሚሄድ ጀልባ ግን የቆየ ምኞታቸው ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ተሠርቶ የነበረውን ዘዴ ሞከሩ። ይህም ውሃውን ከጀልባው ሥር በፓምፕ ስቦ በሚዞር አፈሙዝ መልሶ የሚተፋ ሲሆን፣ አፈሙዙ እዚያው ከጀልባው ሥር ውሃ ውስጥ ነበር። ጀልባዋ ተንቀሳቀሰች፤ ነገር ግን አዘገመች። ኋላ ከሠራተኞቻቸው አንዱ አፈሙዙ ከውሃው ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ በጀልባዋ ጀርባ በኩል እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበ። በውሃ ውስጥ እየተጎተተ ፍጥነት ይይዝ የነበረው ክፍል ሲነሳ ጀልባዋ ፈጠነች። ከሥሯ የሚንጠለጠል ነገር ስለሌለም በሙሉ ፍጥነት ስትሄድ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር የበለጠ ውሃ አያስፈልጋትም። ሃሚልተን የፈጠራውን ክብር ለራሳቸው ብቻ አላደረጉም፤ ውሃን በሚሽከረከር ነገር መግፋት ከጥንቱ ከአርኪሜዲስ የመጣ መሆኑን ይናገሩ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የጀልባ ፋብሪካዎች ትንሽና ዋጋዋ ረከስ ያለ ጄት ጀልባ ለጀማሪ ገዢ ያቅርቡ ወይስ አያቅርቡ የሚል ክርክር አለ። የሃሚልተን የመጀመሪያዋ ጀልባ ከኮምፔርሳቶ የተሠራች፣ ርዝመቷም 3 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ የሆነች ነበረች። ድርጅቱም ሙሉ ጀልባ ብቻ ሳይሆን የጄቱን ክፍል ለብቻው ይሸጥ ስለነበር፣ እጁ ሥራ የለመደ ሰው ሰውነቷን በጓሮው ሠርቶ የመኪና ሞተር ይገጥምላት ነበር። ያለዚህ ጄት ጀልባ የባለጸጋ መዝናኛ ሆና በቀረች ነበር ብሎ ይህ ጸሐፊ ያምናል።

ተቃዋሚዎቹም ከንቱ አይናገሩም። በዝግታ ሲኬድ ጄት ከፕሮፔለር ይልቅ ነዳጅ ያባክናል። ሞተሩ ደካማ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሰውና ጥቂት ዕቃ የጫነች ጀልባ ከውሃው በላይ ተነሥታ መንሸራተት ያቅታታል። ውሃ ውስጥ ተዘፍቃ የምታዘግም ጄት ጀልባ ደግሞ ጠጠሩን ትነካለች፤ አሸዋና ጠጠርም በመሳቢያው ገብቶ ፓምፑን ይበላል። እንዲህ ያለችውን የገዛ ሰው ለጎረቤቱ የሚያወራው ክፉ ክፉውን ነው። ስለዚህ ዋጋው መቀነስ ያለበት ከወንበሩ፣ ከቀለሙና ከጌጣጌጡ እንጂ ከሞተሩ አይደለም። በጥልቅ ሐይቅ ላይ ብቻ ለሚሠራ ሰውማ ትንሿም ትልቋም ጄት አትጠቅመውም፤ ተራ ፕሮፔለር ይበቃዋል፤ ሻጩም ይህን ሳይደብቅ ሊነግረው ይገባል።

የሃሚልተን ጀልባዎች ምን ያህል እንደሚችሉ የታየው በ1960 ነው። በዚያ ዓመት ልጃቸው ጆን በተካፈለበት ጉዞ በአሜሪካ የኮሎራዶ ወንዝ ላይ ታላቁን ሸለቆ ሽቅብ ወጡት። በ1977 ደግሞ የኤቨረስቱ ኤድመንድ ሂላሪ በጋንጀስ ወንዝ ላይ ከባሕሩ ተነሥቶ በእነዚሁ ጀልባዎች ሽቅብ ተጓዘ። ሃሚልተን በ1974 የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው፤ በ1978ም ዐረፉ።

ድርጅቱ ዛሬ በአብዛኛው ለመርከብ መሪዎች፣ ለሕይወት አድን፣ ለጥበቃና ለሰው ማመላለሻ ጀልባዎች የሚሆኑ ትላልቅ ጄቶችን ይሠራል። በኒው ዚላንድ ወንዞች ላይ ግን የጓሮ ሠራተኞቹ አልጠፉም። የውሃ ላይ ሞተር ብስክሌት ሞተርና ፓምፕ እየፈቱ፣ አሉሚኒየም በየዱ፣ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ ጀልባ እየሠሩ በዚያው ጠጠር ላይ ይበራሉ።