የቋራው ካሳ፣ የጎንደር ሥዕልና የመቅደላ ዘረፋ

የአንድ ሕዝብ ባህል ከባዕድ የመጣውን ሁሉ በመሸሽ አይጠበቅም። የሚጠነክረው የመጣውን ዕውቀት በገዛ እጅ አስገብቶ ለራስ ጥቅም በማዋል ነው። የዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ሕይወት የዚህን እውነት ጥንካሬም ሆነ ፈተና በግልጽ ያሳያል።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። አባቱን በልጅነቱ በማጣቱ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በችግር አሳደጉት፤ መኳንንቱም በኋላ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ያንቋሽሹት ነበር። ትምህርቱን የቀሰመው በማኅበረ ሥላሴ ገዳም ነው።

ያን ጊዜ ጎንደር ሥልጣኗ በመሳፍንት እጅ የወደቀ፣ ጥበቧ ግን ያልሞተ ከተማ ነበረች። ከጥበቧ ምስክሮች አንዱ ኩርዓተ ርእሱ የሚባለው፣ የእሾህ አክሊል የደፋው የክርስቶስ ሥዕል ነው። ሥዕሉ የአውሮፓ ሠዓሊ ሥራ ቢሆንም፣ ነገሥታቱ ይዘውት ይዘምቱ፣ በፊቱም መሐላ ይፈጸም ነበር። የጎንደር ሠዓሊዎች በራሳቸው መስመርና ቀለም ደጋግመው እየሣሉት፣ በግዕዝ ጽሕፈት እያጀቡት የአገር ሀብት አደረጉት።

ካሳ መሳፍንቱን አንድ በአንድ ድል ነሥቶ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በሰሜን ደጋ በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ድል የተነሡት ደጃዝማች ውቤ ነበሩ።

ንጉሠ ነገሥቱ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያቋቋሙት የመድፍ መሥሪያ፣ ሠዓሊዎቹ በብሩሽ የሠሩትን በብረት የመድገም ሙከራ ነበር። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ አውሮፓውያን ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ብረት አቀለጡ። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል፣ መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ።

ይሁን እንጂ ከባድ ቅራኔ ነበረባቸው። ዐመፅ ሲበረታ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት አስጭነው ወደ መቅደላ ወሰዱ። ለባህሉ ዘብ መቆም የሚገባው ሕዝብ በዚህ ተቀይሞ ራቃቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲሰብር፣ እጅ ላለመስጠት ራሳቸውን ገደሉ።

ወራሪው ጦር ዘረፋውን በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጫነ፤ በደላንታ ሜዳም ለጨረታ አቀረበው። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ተጋዙ። ኩርዓተ ርእሱን የወሰደው ከጦሩ ጋር የመጣው የሙዚየሙ ወኪል ሪቻርድ ሆምስ ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ክብረ ነገሥትንና ሥዕሉን እንዲመልሱላቸው ሲጠይቁ መጽሐፉ ተመለሰ፤ ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ። እርሱም የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በሆነው በሆምስ እጅ ነበር። በኋላም ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሸጠ።

በ2011 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የጸጉር ጉንጉን ከለንደን ተመልሷል፤ ኩርዓተ ርእሱ ግን ለአገሩ አልበቃም። ስለዚህ ትግሉ ሁለት ነው፦ የተዘረፈውን ማስመለስ፣ በእጃችን ያለውን ደግሞ ራሳችን አለማጥፋት። ቅርስን በየደብሩና በየቀበሌው የሚጠብቀው ሕዝብ ነው፤ ሕዝቡን ያስቀየመ ኃይል፣ መድፉ ቢገዝፍም፣ ቅርሱን ከባዕድ እጅ ማዳን አይቻለውም።