ሼህ ሆጀሌ አልሐሰንና ሲት አምና

በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከዓባይ ወንዝ በስተ ደቡብ እስከ ሱዳን ወሰን የሚዘረጋው የአሶሳና የቤኒሻንጉል ምድር ከጥንት ጀምሮ በወርቁ የታወቀ ነው። የግብፅ ገዥ የነበረው መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት በዋነኛነት የፈለጋቸው ነገሮች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ የዚሁ አካባቢ ወርቅ፣ ሁለተኛው ባሪያ። ከዚያም በኋላ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል የአገሩን ዕድል የወሰኑት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። የሼህ ሆጀሌ አልሐሰንና የባለቤታቸው የሲት አምና ሕይወት በትክክል የሚታወቀውም ይህ መነሻ ሲያዝ ነው።

ሼህ ሆጀሌ ወጣዊጥ ከሚባለው ወገን ነበሩ። ወጣዊጥ ከሱዳን ለንግድ የመጡ ዐረቦች ከአገሬው ከበርታ ሕዝብ ጋር ተጋብተው ያስገኙት የገዥ ወገን ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ አገሩን በየሼሁ ተከፋፍሎ ይገዛ ነበር። ቤላ ሻንጉልና ሆሞሻ የየራሳቸው ሼህ ሲኖራቸው፣ የአሶሳ አገዛዝ በሼህ ሆጀሌ እጅ ነበረ።

በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ ዘምተው አገሩን ለማዕከላዊው መንግሥት አስገበሩ። ሼህ ሆጀሌም ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ታሰሩ። ይሁን እንጂ እስራቱ የሥልጣናቸው ፍጻሜ አልሆነም። ከእስር ከወጡ በኋላ የወርቅ ግብር በማግባት በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ታማኝነትን አተረፉ፤ ቀድሞ እኩዮቻቸው ከነበሩት ሼሆችም በላይ ሆኑ። በአዲስ አበባም መኖሪያ አሠርተው ከመኳንንቱ ጋር የሚቆጠሩ ሰው ለመሆን በቁ።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን ለየ። ለሌላው ሰው ወሰን መለያያ ነው፤ ለእነዚህ ባልና ሚስት ግን የሥራ መከፋፈያ ሆነላቸው። ሼሁ በኢትዮጵያ በኩል ሲገዙ፣ ሲት አምና በሱዳን በኩል ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1905 የሱዳን የእንግሊዝ አስተዳደር ሲት አምናን የአንድ የአስተዳደር ክፍል አለቃ አድርጎ ዐወቃቸው። ሴት በአለቅነት መሾሟ በዚያ ዘመንና በዚያ አገር እንግዳ ነገር ነበር። እንዲህ ሆኖ አንድ ቤተሰብ በሁለት ባንዲራ ሥር ሁለት ሹመት ያዘ፤ ባልየው ለምኒልክ ወራሾች፣ ሚስትየው ለእንግሊዞች ታማኝ መስለው ታዩ።

ከዚህ ሥልጣን በስተጀርባ የነበረው ጉልበት የማን እንደሆነ ለማወቅ የወርቁን አሠራር መመልከት ይበቃል። ወርቅ ያለበት አፈር ከጉድጓድ ተቆፍሮ ይወጣና በእንጨት ገበቴ ላይ ሆኖ በውኃ ይታጠባል። ወርቅ ከውኃ 19 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ገበቴው ሲወዛወዝ ቀላሉ አፈር ከውኃው ጋር ይሄዳል፤ ወርቁ ከታች ይቀራል። ሥራው ብልሃቱ ቀላል፣ ድካሙ ግን እጅግ ብዙ ነው፤ ጥቂት ወርቅ ለማግኘት ብዙ አፈር መቆፈርና ማጠብ ያስፈልጋልና። ይህን ይሠሩ የነበሩት ገባሮችና ባሮች ናቸው። ያው ሰው ጉልበቱ ሲፈለግ ወርቅ ያጥባል፤ ዋጋው ሲፈለግ ደግሞ ወሰን ተሻግሮ ይሸጣል።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመትም ባሮች ነፃ የሚወጡበትን ሥርዓት የሚወስን ዐዋጅ ወጣ። የዐዋጁ ቃል ግን እስከ ወሰን ለመድረስ ጊዜ ወሰደበት። እ.ኤ.አ. በ1927 ሼህ ሆጀሌ በሚስታቸው በሲት አምና በኩል እጅግ ብዙ ሰዎችን ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳን ያሻግሩ እንደነበር ታወቀ። የባሪያ ንግድን አጠፋለሁ ይል የነበረው የሱዳን አስተዳደርም በዓለም ፊት ዐፈረ፤ አለቅነታቸውን ያጸደቀላቸው ራሱ ነበረና። ሲት አምና ተይዘው ታሰሩ። ሼህ ሆጀሌ ግን እ.ኤ.አ. በ1938 በኢጣልያ ወረራ ዘመን እስኪሞቱ ድረስ ክብራቸው ጨርሶ አልተገፈፈም። በሥራው አንድ የነበሩት ባልና ሚስት በቅጣቱ ተለያዩ። ባርነትን በሕግ የሚሽረው ዐዋጅ የወጣው ከሼሁ ሞት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ የሼህ ሆጀሌ ስም በአዲስ አበባ ሳይቀር ይነሣል። የሲት አምናን ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ የተሸጡትን ሰዎች ስም የሚያውቅ ፈጽሞ የለም። ሼህ ሆጀሌ በብልሃታቸው የአሶሳን ምድር ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ያስተሳሰሩ ሰው መሆናቸው አይካድም፤ ይህ መተሳሰር የተከፈለው በማን ጉልበት እንደሆነም መዘንጋት የለበትም። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዛሬ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በጉባው ታላቅ ግድብ ምክንያት በመሐንዲሶች ዘንድ ስሙ ሁልጊዜ የሚጠራ ክልል ሆኗል። ከአንድ ምድር የሚወጣ ሀብት፣ ወርቅም ይሁን ኃይል፣ ምንዛሪው ሲሰላ የምድሩ ሰው በሒሳቡ ውስጥ ካልገባ ስሌቱ ስሕተት መሆኑን የሁለቱ ሰዎች ታሪክ ያስተምራል።