ቁርጥ ግብርና የአካባቢ አስተዳደር፦ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ በለቃ ነቀምት

ማዕከላዊ መንግሥት ከአንድ አካባቢ የሚጠይቀውን ግብር በቁርጥ ሲወስን ገደቡ የሚጠብቀው ማንን ነው? የለቃ ነቀምት ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ያለፉበት ዘመን ለዚህ ጥያቄ ተጨባጭ ምሳሌ ይሆናል።

የኩምሳ አባት ሞረዳ በከሬ፣ ራስ ጎበና ዳጬ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ካደረጉ በኋላ ለምኒልክ ገብረው ግዛታቸውን አጸኑ። ኩምሳ አባታቸውን የተኩት በ1880ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ሲሆን የክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር ነበር።

እንደ ጅማ አባ ጅፋር ሁሉ ለቃ ነቀምትም ለቤተ መንግሥቱ በየዓመቱ የተወሰነ ግብር ትከፍል ነበር፤ ከግብሩም ዋና ዋናዎቹ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ነበሩ። በምላሹ ሌሎች የደቡብና የምዕራብ አገሮች የተሸከሙት የነፍጠኛ ሥሪት በለቃ አልተተከለም። ግምጃ ቤቱ የሚጠብቀው ቁርጡን ብቻ ስለ ነበር የገበሬውን ማሳ የሚቆጥር ሹም መላክ አላስፈለገውም። ሹመት፣ ዳኝነትና የግብር አሰባሰብ በኩምሳ እጅ ቀሩ፤ ከቁርጡ የተረፈውም በቤታቸው ቀረ። ነቀምት የገዥ መቀመጫና የንግድ ማዕከል ሆና ደረጀች። በ1896 ዓ.ም. ወደ ከተማዋ የመጡት ኦኔሲሞስ ነሲብም ለትምህርት ሥራቸው የኩምሳን ከለላ አግኝተዋል።

ይሁንና ገደቡ ሁለት ክፍተቶች ነበሩት። በአንድ በኩል ቁርጡ የተመሠረተው በሕግ ሳይሆን በንጉሡና በገዥው መካከል ባለ መተማመን ስለ ነበር፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ተጨማሪ ጥያቄን የሚያግድ ነገር አልነበረም። በሌላ በኩል ለገባሩ የተቆረጠ ልክ አልነበረውም። እህሉን፣ ማሩንና ጉልበቱን የሚያቀርበው ገባር ገዥው በጠየቀው መጠን ይከፍል ነበር፤ ከላይ የተጨመረውም በመጨረሻ የሚያርፈው በእርሱ ትከሻ ላይ ነበር።

ኩምሳ በ1910ዎቹ አጋማሽ አርፈው ልጃቸው ሀብተ ማርያም ተተኩ። ከጣልያን ወረራ በኋላ የወጣው የ1934 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ ልኩን ከገዥው አንስቶ በመሬቱ ላይ አደረገው፤ ለአንድ ጋሻ ለም 15፣ ለም ጠፍ 10፣ ጠፍ 5 ብር ሆኖ ክፍያው ለመንግሥት ግምጃ ቤት ተወሰነ። በዚህ ለውጥ ቁርጡ የአካባቢ ገዥ ሥልጣን ምሰሶ መሆኑ ቀረ። የኩምሳ ዘመን የሚያሳየውም ይህንኑ ነው፦ የግብር ገደብ በማዕከሉና በገዥው መካከል ብቻ ሲቆም የአካባቢውን ነጻነት ይጠብቃል እንጂ ግብር ከፋዩን አይጠብቅም።